ጥያቄና መልስ፦ የቴቬኒንን ሰርኪት (አንድ ሙሉ ሰርኪት የሚተካበትን አንድ ቮልትና አንድ የውስጥ ሬዚስታንስ) በእጅ መፈተሽ

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ 12 ቮልት ላይ ሁለት የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስሬ ሎዱን (ኃይሉን የሚወስደውን) ከሁለተኛው ጋር ትይዩ አደረግኩ። በስሌት የውስጥ ሬዚስታንሱ 500 ኦም ይመጣል፤ ሜትሩ ግን የማይገባ ቁጥር ያሳየኛል።

መልስ፦ ፓወሩ እንደበራ ነው የለካሽው። ሰፕላዩን (የ12 ቮልቱን ምንጭ) ንቀዪና አውጪው፤ እሱ የነበረባቸውን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኚ፤ ሎዱንም አንሺ። ያኔ ወደ 500 ይመጣል። ሰፕላዩን ራሱን ሾርት አድርጊው አላልኩም!

ከአዘዞ፦ ከፍተኛ ኃይል የሚገኘው ሎዱ ከውስጥ ሬዚስታንሱ ጋር እኩል ሲሆን ነው ይባላል። ሠርቶ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። የማራኪዋን ሰርኪት ውሰድ፤ ያለ ሎድ 6 ቮልት ነው። 220፣ 470፣ 1 ኪሎ ኦም እያፈራረቅህ የሎዱን ቮልት ለካ፤ ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለኦሙ አካፍል። 15.3፣ 18፣ 16 ሚሊዋት አካባቢ ታገኛለህ። ጫፉ ምን ያህል ለጥ ያለ እንደሆነ ተመልከት፤ ሎዱ እጥፍ ሆኖ እንኳ የቀነሰው 2 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤታችሁ ከስሌቱ ትንሽ ቢለይ ቁጥር አትቀይሩ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር እኮ 5 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል! ከዚያ በሎዱ ቦታ የ1 ኪሎ ኦም ቮልዩም (እየዞረ ኦሙ የሚቀየር ሬዚስተር) አስገባ፤ የ6 ግማሽ፣ 3 ቮልት እስኪሆን አዙር፤ አውጥተህ ለካው፤ 500 ነው።

ከፒያሳ፦ ሎዱ ከውስጡ ጋር እኩል ሲሆን የኃይሉ ግማሽ እዚያው ውስጥ ሬዚስታንሱ ላይ ከቀረ ምኑን ከፍተኛ ሆነ? መብራት ኃይልም እንዲህ ያባክናል?

ከቅዳሜ ገበያ፦ አምፕሊፋየር እንደዚያው አይደል? 8 ኦም አምፕ ለ8 ኦም ስፒከር።

ከፒያሳ፦ የአምፑ ውስጥ 8 አይደለም፣ ከ1 ኦም በታች ነው።

ከቅዳሜ ገበያ፦ ታዲያ ጀርባው ላይ 8 ለምን ተጻፈ?

መልስ፦ ፒያሳ ልክ ነው። የተጻፈው አምፑ የሚችለው ሎድ ነው። መብራት ኃይልም ሎድ አያመሳስልም፤ ግማሹ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከአራዳ፦ ኖርተንስ?

መልስ፦ ያው ነው፤ ኖርተን ያንኑ ሰርኪት በቮልት ፈንታ በከረንት ምንጭና ከእሱ ጋር ትይዩ በሆነ ያው 500 ኦም ይተካዋል። 6 ቮልት ለ500 ኦም ሲካፈል 12 ሚሊአምፔር።

ከአራዳ፦ የኔ ሰርኪት አይሠራም።

መልስ፦ የቱ ሰርኪት? ስንት ቮልት? የት የት ለካህ?

ከአዘዞ፦ የቮልዩሙን ሙከራ በመኪና ባትሪ ብሠራውስ?

መልስ፦ በፍጹም! የባትሪው ውስጥ ከ1 ኦም እጅግ ያነሰ ነው። ቮልቱ ግማሽ እስኪሆን ብትጭነው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሄዳል፤ ሽቦው ይቀልጣል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል።

ከአራዳ፦ ኦም ስለካ ቁጥሩ ይዘልብኛል።

መልስ፦ ለማራኪዋ ምን አልኩ? መጀመሪያ ፓወሩን ንቀል።