ዋልካ መሬት ላይ ቦይ ሲቆፈር፦ ጥያቄና መልስ

የመሠረት፣ የፍሳሽና የውሃ መስመር ቁፋሮን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ስለ ጥቁር አፈር ናቸው። ከጎንደር ኮረብታ ወርዶ ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ የሚሠራ ሁሉ ዋልካን መጋፈጡ ስለማይቀር ይህ የሚጠበቅ ነው። ሰባቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ፎርማን፣ ከአዘዞ)፦ ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ የፍሳሽ ቱቦ ቦይ ልንቆፍር ነው። አፈሩ ዋልካ ሲሆን ከ1.5 ሜትር በታች ውሃ ይዟል። ያለን 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላና ቀጫጭን አጠና ነው። ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃችሁም። በዚህ ጥልቀት ላይ ለስላሳና እርጥብ አፈር ድጋፉን የሚገፋበት ኃይል በካሬ ሜትር ወደ 3.5 ቶን ተይዞ ነው የሚሰላው። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የባሕር ዛፍ ጣውላ በየ1.2 ሜትሩ ማገር ካገኘ ይህን ይችላል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን ጥንካሬው በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። የእናንተ ጣውላ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይሰበራል።

ክፍሎቹ ጭቃ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ ቋሚ፣ ማገርና ከግድግዳ ግድግዳ የሚወጥር አግዳሚ (መወጠሪያ) ናቸው። ልዩነቱ ሸክሙ ከላይ ሳይሆን ከጎን መምጣቱ ነው። ቋሚ ጣውላዎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3.2 ሜትር ርዝመት ይኑራቸው፤ 50 ሴንቲ ሜትሩ ከቦዩ ወለል በታች ይተከላል፣ 20ው ደግሞ ከመሬት በላይ ወጥቶ ድንጋይና አፈር እንዳይንከባለል ያግዳል። ማገሩ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 20ው በግፊቱ አቅጣጫ ይዋል። አንዱ ማገር ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 1.7 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። መወጠሪያው በየ1.5 ሜትሩ ይግባ፤ እያንዳንዱ ከ6 ቶን በላይ ስለሚሸከም ቀጭኑ ጫፉ ከ15 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ፎርማን የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁለቱ ጣውላዎች 10፣ ሁለቱ ማገሮች 40 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ። 1 ሜትር ብቻ ከቆፈራችሁ ለሠራተኛው የሚቀረው 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ቱቦ መግጠም ቀርቶ ጎንበስ ማለትም አይቻልም። ስፋቱን ከመነሻው 1.5 ሜትር አድርጉት።

60 ሜትሩን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። በ6 ሜትር በ6 ሜትር ሥሩ፤ ቱቦው ሲቀመጥና ሲሞላ ድጋፉን ወደሚቀጥለው አዛውሩት። ለአንድ 6 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 60 ጣውላዎች፣ 24 ሜትር ማገር፣ 10 መወጠሪያና 20 ሽብልቅ ያስፈልጋሉ። ሁለቱን ጫፎች የሚዘጋ ጣውላም አትርሱ፤ ጫፉም ይደረመሳልና።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቆፈራል። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን ይቆሙና በመዶሻ ወደ ታች ይመታሉ፤ የላይኛው ማገርና መወጠሪያ ይገባል። ከዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ጣውላውን እንደገና መምታት፣ እንደገና መቆፈር ነው፤ የሁለተኛው ማገር ቦታ ሲደረስ እሱና መወጠሪያው ይገባሉ። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ በጣውላ ባልተደገፈ ግድግዳ ሥር ማንም መቆም የለበትም። ጣውላው ሁልጊዜ ከአካፋው ቀድሞ ይወርዳል።

ሽብልቁ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራውን ሁሉ የያዘው ግን እሱ ነው። በመወጠሪያው ጫፍና በማገሩ መካከል ሁለት ሽብልቅ ከተቃራኒ ጎን ገብተው ተራ በተራ ይመታሉ። በመዶሻ ጫፍ መወጠሪያውን ነካ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ተወጥሯል፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ላልቷል። ከተወጠረ በኋላ ሽብልቁ በሚስማር ይያዝ፤ መወጠሪያው ቢላላ እንኳ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ማገሩ ላይ ይመታለት። ማገሩ ላይ የመወጠሪያው ጫፍ ሲሰምጥ ካያችሁ በመካከል ወፍራም ላሜራ አስገቡ። እንጨት በቀን ፀሐይ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጠዋት የጠበቀው ማታ ልል ሊሆን ይችላል። ሰው ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደግሞ እንደገና፣ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ሁሉንም እየመታ ይዙር።

ጥያቄ (ግንበኛ፣ ከቆላ ድባ)፦ በሚያዝያ ስንቆፍር ግድግዳው እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለምን እንጨት እናባክን?

መልስ፦ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ከቦዩ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ስንጥቁን ይሞላል። 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በውሃ ሲሞላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። አፈሩ ከሥር ረጥቦ ስለላላ የሚይዘው የለም፤ እንደ ቂጣ ቁራሽ ተገንጥሎ ይወድቃል። ቀጥ ብሎ መቆሙ ጥንካሬውን አያሳይም፣ አለመርጠቡን ብቻ እንጂ። የግንቦት ዝናብ ቀን ቆጥሮ አይመጣም፤ እንጨቱን አስገቡ።

ጥያቄ (የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሠራተኛ)፦ ጉድጓዳችን 6.5 ሜትር ደርሷል። አፋፉ ላይ ያስቀመጥነው የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃ ግን አይስብም። ወደ ታች እናውርደው?

መልስ፦ በፍጹም አታውርዱት። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ይገድላል።

የማይስበው ፓምፑ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። የመሳብ ፓምፕ ውሃን የሚያወጣው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የንድፈ ሐሳቡ ገደብ 10.3 ሜትር ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ገደቡ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፣ በሥራ ላይ የሚገኘው ደግሞ ከ5.5 ሜትር አይበልጥም። ከቆላ የመጣ ባለሙያ «እዚያ በ7 ሜትር ይስብልኝ ነበር» ቢል እውነቱን ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። ሞተሩም በቀጭኑ አየር ወደ 20 በመቶ ኃይሉን ያጣል። መፍትሔው ውሃ ውስጥ የሚጠመቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ከመስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው።

ፓምፑ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከሥራው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በአንድ ጥግ ይሁን። የተበሳሳ በርሜል አስገብታችሁ ዙሪያውን በጠጠር ሙሉት። የሚወጣውን ውሃ በየሰዓቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ። መጀመሪያ ደፍርሶ ቶሎ ከጠራ ደህና ነው። ከሥሩ አሸዋ መዝቀጡን ከቀጠለ ግን ከውሃው ጋር የግድግዳችሁን ጀርባ እየመጠጣችሁ ነውና ፓምፑን አቁሙ። በጣውላዎቹ መካከል ደቃቅ የሚያፈስ ከሆነ ጭድ ጠቅጥቁበት፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። የቱቦው ጫፍም ቁልቁል ርቆ ይፍሰስ፤ አጠገብ ከፈሰሰ ያንኑ ውሃ ደግማችሁ ነው የምትስቡት።

ጥያቄ (ኮንትራክተር)፦ 4 ሜትር ልንደርስ ስንል ማታ የቆፈርነው ጠዋት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቀናል። ጭቃው ግራጫ ነው፤ በጡጫ ሲጨብጡት በጣት መካከል ይወጣል። ያወጣነው አፈር አፋፉ ላይ 1 ሜትር ያህል ተከምሯል። ጠርገን እንቀጥል?

መልስ፦ አትጥረጉ። በጣት መካከል የሚያመልጥ ጭቃ መንሸራተትን የመቋቋም ጥንካሬው በካሬ ሜትር 1.2 ቶን ያህል ነው ብንል፣ ወለሉ የሚችለው የዚያን 6 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም ወደ 7.2 ቶን ነው። የጭቃው ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 1.7 ቶን ነው። 7.2ን ለ1.7 ብታካፍሉ 4.2 ሜትር ይመጣል፤ ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ የደህንነት ትርፍ የለውም። አፋፉ ላይ የከመራችሁት አንድ ሜትር አፈር ደግሞ አንድ ሜትር ተጨማሪ ጥልቀት እንደቆፈራችሁ ይቆጠራል። ውጪ ያለው መሬት በጣውላው ሥር አልፎ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በጠረጋችሁ ቁጥር ሌላ ይገባል፤ በዙሪያው ያለው መንገድና ቤትም ይሰምጣል።

ዛሬውኑ ከመሬቱ ላይ ያለውን ክምር አንሱ፤ ወለሉን በጠጠር ወይም አሸዋ በሞሉ ማዳበሪያዎች መልሳችሁ ክብደት ስጡት። ከዚያ መሐንዲስ አፈሩን ለክቶ በጣውላው ፈንታ ጠለቅ ብሎ የሚተከል ሺት ፓይል (እርስ በርሱ የሚቆላለፍ የብረት ሰሌዳ) ያስፈልግ እንደሆነ ይወስን። በበጀት ምክንያት ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ጥልቀቱን ወደ 2.5 ሜትር አሳጥሮ ጉድጓዱን ማስፋት የተሻለ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ነገር በቀሃ ወንዝ ዳር ዓይነት አሸዋማ ቦታ ይታያል። እዚያ ወለሉ በሙሉ አይነሳም፤ እንደ ገንፎ በየቦታው ቡግ ቡግ ይላል። ከታች የሚመጣው ውሃ አሸዋውን ስላነሳው ነው። ፓምፑን አጥፍቶ ውሃው ተመልሶ እንዲሞላ መተው ያረጋጋዋል። ቀጥሎ ጣውላው በውጪውና በውስጡ ውሃ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ያህል ከወለሉ በታች እንዲገባ ማድረግ፣ ወይም ከውጪ በኩል ውሃውን ማውረድ ነው።

ጥያቄ (የቤት ባለቤት፣ ከማራኪ)፦ ለምድር ቤት 3 ሜትር ልናስቆፍር ነው። የጎረቤቴ አሮጌ የድንጋይና የኖራ ግንብ ከጠርዙ 1.2 ሜትር ይርቃል። አፈሩ እርጥብ ነው። ድጋፍ ከተሠራ አይነካም?

መልስ፦ ይነካል፤ ጥያቄው በምን ያህል ነው። የአፈር መሐንዲሱ ራልፍ ፔክ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት በለስላሳ ሸክላ አፈር፣ በመደበኛ አሠራር፣ ከቁፋሮው አጠገብ ያለው መሬት የጥልቀቱን ከ1 እስከ 2 በመቶ ሊሰምጥ እንደሚችል አሳይተዋል። በእርስዎ ቁፋሮ 3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የኖራ ግንብ ይህን አይችልም።

መስመጡን የሚቀንሱት ሦስት ነገሮች ናቸው። ቁፋሮው በ2 ሜትር ቁራጭ፣ አንዱን ሠርቶ አንዱን ዘሎ ይሁን። መወጠሪያዎቹ በሃይድሮሊክ ክሪክ ቀድመው ይወጠሩ፤ ከሚጠበቅባቸው ሸክም ግማሽ ያህል ይበቃል። ከጣውላው ጀርባ ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላ፤ ባዶ ጀርባ ማለት የሚሰምጥ መሬት ማለት ነው። ከመጀመርዎ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው የግንቡን ስንጥቆች ፎቶ ያንሱ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጄሶ ለጥፈው ቀን ይጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቁፋሮው ይቁም። ፀብን የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከእንጨት ይልቅ ጎኑን አዝንበን ብንቆፍርስ?

መልስ፦ ቦታ ካለ ጥሩ ነው። ለለስላሳ አፈር የሚሰጠው ዝንባሌ ለአንድ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ነው። 2.5 ሜትር ለሚጠልቅና ወለሉ 1 ሜትር ለሆነ ቦይ አፉ 8.5 ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚወጣው አፈር ከ2.5 ወደ 12 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከተማ ውስጥ ይህ አይሆንም። ውሃ የሚያመነጭ ከሆነ ይህም ዝንባሌ ላይበቃ ይችላል።

ጣውላውን መልሶ ለመጠቀም ለሚጠይቁም እንጨምር፤ ሲነቀል ከታች ወደ ላይ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ሙሌቱ የታችኛው መወጠሪያ ሲደርስ እሱን መፍታት፣ ጣውላውን ትንሽ ሳብ ማድረግ፣ እንደገና መሙላት። ሙሌቱ ገረገንቲ ይሁን፤ የላይኛው 40 ሴንቲ ሜትር ግን በደንብ በተጠቀጠቀ ሸክላ ይዘጋ፣ አለዚያ ቦዩ የክረምት ውሃ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ጥያቄ (የቀን ሠራተኛ)፦ አለቃችን «ለአምስት ደቂቃ ግባና ቱቦውን አስተካክል» ይለኛል። ድጋፍ የለውም። ምን ልበል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይግቡ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር እርጥብ አፈር ወደ 1.8 ቶን ይመዝናል፤ ለመደርመስ አምስት ደቂቃ አያስፈልገውም። ጥልቀቱ ከደረትዎ ካለፈ ድጋፍ ይጠይቁ። መሰላል ከሚሠሩበት ቦታ ከ7.5 ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ ያወጡት አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በለስላሳ መሬት ደግሞ የቦዩን ጥልቀት ያህል እንዲርቅ ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ አደጋው ተነግሮት ካላስወገደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ አደጋውን በምስክር ፊት ይንገሩት።

አፈር ሰው ላይ ቢወድቅ ደግሞ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአዳኙ ላይ ነው። የኤክስካቫተሩና የመኪናው ሞተር ይጥፋ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሰው ይራቅ፣ እርዳታ ይጠራ። ያለውን ጣውላና መወጠሪያ ከሁለቱም ጎን አስገብታችሁ ከወጠራችሁ በኋላ በእጅና በትንሽ አካፋ ብቻ ቆፍሩ። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ደረቱን አውጡ፤ ደረቱ በአፈር የታሰረ ሰው ፊቱ ቢገለጥም መተንፈስ አይችልም። የቀረው አካሉ ተይዞ እያለ በገመድም ሆነ በማሽን አትጎትቱት።