1640 ላይ የወጣው ፒክ ሐር ነው ወይስ ውሃ?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «የጉሎ ሐር ትል ኮኩን በኤፍቲአይአር ለካሁ። አማይድ ዋን 1640 ላይ ወጣ። ፕሮቲኑ ሥርዓት የለሽ ነው ብዬ ልጻፍ?» (ኮኩን ትሉ የሚሸፈንበት የሐር ጎጆ ነው። ኤፍቲአይአር ናሙናው የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚመጥ ይለካል፤ ቁጥሮቹ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት ናቸው፣ ፒክ ደግሞ ብርሃን በብዛት የተመጠጠበት ጉብታ ነው። አማይድ ዋን የፕሮቲን ዋና ፒክ ነው። ሥርዓት የለሽ ማለት የፕሮቲኑ ሰንሰለት በወጉ ሳይደረደር የተዘበራረቀ ማለት ነው።)

እህቴ፣ ቆይ አትጻፊ። እኔም አራት ኪሎ የማስተርስ ሥራዬን ስሠራ በዚሁ ቁጥር ተሸውጃለሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ሐሩን ፖታሽየም ብሮማይድ ከሚባል ጨው ጋር ፈጭቼ ክኒን አደረግኩት። ጨዉ ግን ኦቨን ካየ ሰንብቷል፤ እርጥበት ጠጥቶ ጠርሙሱ ላይ ስለተጋገረ በማንኪያ እየፋቅሁ ነበር የማወጣው። 1640 ሲያብጥልኝ ጮቤ ረገጥኩ። ለካ ውሃ ነው! ውሃም እዚያው 1640 አካባቢ ይመጥጣል። ናሙናሽን በደንብ አድርቀሽ ድገሚ። 3400 አካባቢ ያለው ሰፊ ጉብታ ሲሟሽሽ 1640ም አብሮ ከወረደ፣ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

ሌላው፣ ኮኩኑን ቀቅለሽዋል? አልነገርሽንም። ላዩ ሴሪሲን የሚባል ሙጫ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ሥርዓት የለሽ ስለሆነ ፒኩን ወደዚያው ይጎትተዋል። ኤቲአር (ናሙናውን ክሪስታል ላይ ተጭኖ የሚለካ ዘዴ) ከሆነ የተጠቀምሽው፣ የሚያየው ከላይ አንድ ሁለት ማይክሮን ብቻ ነው። ሙጫውን ለክተሽ «ፋይብሮይን» (ዋናው የሐር ክር ፕሮቲን) ብለሽ እንዳትጽፊ። ለመልበሪ ሐር (የመልበሪ ቅጠል ከሚበላው ትል ለሚገኘው) የተለመደው በ0.02 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት ግማሽ ሰዓት መቀቀል ነው። የጉሎው ግትር ነው፤ ሁለቴ ሊፈልግ ይችላል። ከዚያ ቤታ ሺቱ (የፕሮቲኑ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን በሥርዓት የተደረደሩበት ክፍል) 1620 እና 1630 መካከል ብቅ ይላል፤ 1700 አጠገብም ትንሽ ጉብታ ትኖረዋለች።

965 ላይስ አይተሻል? የጉሎ ሐር አላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት የተደረደረበት ስለሆነ እዚያ ፒክ አለው። የመልበሪው 975 እና 1000 አካባቢ ነው። ናሙናሽ ማን እንደሆነ በዚህ ትለዪዋለሽ። ቀልድ አይደለም፤ ፒያሳ «ንጹሕ ሐር» ብለው የሸጡልኝ ክር አማይድ የሚባል ነገር ሳያሳይ 1715 ላይ ሹል ፒክ አወጣ። ፖሊስተር! ክብሪት ብጭርበት ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር፤ ሐር ሲቃጠል እንደ ፀጉር ነው የሚሸተው።

ምን ያህሉ ቤታ ሺት ነው የሚለውን ፐርሰንት ለጊዜው ተዪው። ፒኩን በሶፍትዌር ሲከፋፍሉት የፈለጉትን ቁጥር ይሰጣል። ክሩ ተዘርግቶ ከተቀመጠማ አቅጣጫውም ቁመቱን ይቀይረዋል፤ 90 ዲግሪ አዙረሽ ለክተሽ እይው።

የተቀቀለውንና ያልተቀቀለውን ደርበሽ እዚህ ለጥፊልን። ቤዝላይኑን (የግራፉን መነሻ መስመር) ሳትነኪው።