ባሕር ዳር፦ የቀበሌ፣ የውሃ፣ የውክልናና የጡረታ ጉዳይ ያለው ይጠይቅ

ቢሮ ለቢሮ የሚመላለስ ሰው የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የአገልግሎት ክፍያ ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጽፍም። የማተኩረው ሕጉ ምን እንደሚል፣ የትኛው ሰነድ ከየትኛው እንደሚቀድምና ጉዳዩ የት ላይ እንደሚሰናከል ነው። አብዛኛው «ነገ ተመለሱ» የሚመጣው ሰነዶች እርስ በርስ ስለማይናበቡ ነው። ሥራውን የሚያጓትት ሠራተኛም አለ፤ የሱን ነገር ወደ መጨረሻ እናነሳዋለን።

ከሹም አቦ፦ ልጄ የተወለደችው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ነው፤ አሁን 8 ወሯ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠኝን ወረቀት ይዤ ቀበሌ ስሄድ «ይሄ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም» አሉኝ። አባቷ ደግሞ ለሥራ መተማ ነው ያለው።

ልክ ናቸው እህቴ። ሆስፒታሉ የሰጠሽ የልደት ማሳወቂያ ነው፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን። ከ90 ቀን እስከ 1 ዓመት ያለው የዘገየ ምዝገባ ይባላል፤ አንቺ ያለሽው እዚህ ውስጥ ነው። 1 ዓመት ካለፈ ጊዜ ገደቡ ያለፈበት ምዝገባ ውስጥ ይገባና የማስረጃ ጥያቄው ይበዛል። ስለዚህ 4 ወር አለሽ ብለሽ አትዘናጊ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

አባትየው ካልመጣ ተብሎ ምዝገባው አይቀርም፤ ከሁለት አንዳችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። የማሳወቂያውን ዋናውን፣ የራስሽን መታወቂያ፣ የሱን መታወቂያ ኮፒና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ያዢ። የአባትና የአያት ስም የሚገለበጠው ከዚያ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ለተወለደ ሕፃን ማሳወቂያውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትሰጣለች።

ከመፈረምሽ በፊት መዝገቡን ራስሽ አንብቢው፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት እዚያው ወንበር ላይ ይታረማል። ምስክር ወረቀቱ ታትሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ግን ማመልከቻና ማስረጃ ይጠይቅሻል።

ከፋሲሎ፦ የልጄን ፓስፖርት ላወጣ ስል የልደት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ዓመት ተዛብቶ ተገኘ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

በጣም የተለመደ ነው። «ሲቀየር 8 መደመር» የምትለዋ ልማድ ናት ጥፋተኛዋ። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ነው 8 የሚሆነው። ጥቅምት 12/2010 የተወለደ ልጅ ኦክቶበር 22/2017 ነው። ጥር 12/2010 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 20/2018 ነው። ጥቅምት ላይ 8 ከደመርክ ልጁ ከእውነተኛው ቀን አንድ ዓመት ዘግይቶ የተወለደ ይሆናል።

ሌላው ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ነው። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች መስከረም 1/2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ድረስ ሁሉም ቀን በ1 ይገፋል። ጥቅምት 12/2016 ኦክቶበር 23/2023 ይሆናል ማለት ነው።

እርማቱን ፓስፖርት ቢሮ ላይ አትጀምር፣ መጀመሪያ ልደቱ የተመዘገበበት ቀበሌ ሂድ። የጽሕፈት ወይም የስሌት ስህተት ከሆነ እዚያው በማስረጃ ይታረማል። ስም መለወጥ ወይም ትክክለኛውን የልደት ዘመን መቀየር ከሆነ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም አንድ ጊዜ ወስንና በሁሉም ሰነድ ላይ ያንኑ አስጽፍ።

ከዘጌ፦ አባታችን 78 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲለቅሙ ጣታቸው ተልጧል። የፋይዳ ምዝገባ ላይ አሻራቸው አልነበብ ብሎ ተመለሱ።

መመለስ አልነበረባቸውም። ፋይዳ የሚወስደው የ10 ጣት አሻራ ብቻ አይደለም፤ የዓይን ብሌንና የፊት ምስልም አለ። የማይነበበው ጣት እንደማይነበብ ተመዝግቦ በሌላው ይቀጥላል። መዝጋቢውን «ያልተነበበውን አልፈህ ቀጥል» በሉት። ከቤት ስትወጡ እጃቸውን በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥበው ትንሽ ቅባት ቢቀቡ፣ መሣሪያው ላይ ሲቀርቡ ደግሞ ቢጠርጉት የደረቀ ቆዳ በተሻለ ይነበባል።

ምዝገባው በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለሚታተመው ካርድ ነው። ባለ 12 አሃዙ ቁጥር የሚመጣው ባስመዘገባችሁት ስልክ ስለሆነ የሳቸውን ስልክ፣ ከሌላቸው አብሯቸው የሚኖረውን ልጅ ስልክ አስመዝግቡ። ወደብ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ስልክ አትስጡ፤ በኋላ ማረጋገጫ ኮድ በተላከ ቁጥር እሱን ስትፈልጉ ትኖራላችሁ።

ከሽምብጥ፦ የውሃ ቢል በወር ከለመድነው አራት እጥፍ መጣብን። የሚፈስ ነገር አይታይም። ቆጣሪው ነው ወይስ አንባቢው?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በአንድ ሌሊት ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ቢሉ ላይ ያለውን የአሁን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ሊትር ነው የሚያሳዩት። 1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 50 ጀሪካን። ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ አንባቢው ተሳስቷል፤ ቆጣሪውን ከነቁጥሩ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ውሰዱ፣ ክርክር የለውም።

ንባቡ ትክክል ከሆነ ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ቧንቧውን በሙሉ ዝጉና ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ኮከብ ተመልከቱ። ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው። ከዚያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ተዘግቶም ከዞረች ወይ መዝጊያው አይዘጋም፣ ወይ ቆጣሪው ይመርመር። ቀጥ ካለች ፍሳሹ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ደግሞ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። አሁን የሮቶውን መግቢያ ብቻ ዝጉና ዋናውን ክፈቱ። ኮከቧ ከቆመች ጥፋቱ ሮቶው ጋ ነው፦ ሲሞላ ውሃ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተበላሽቶ በትርፍ መውጫው ወደ ቦይ ሲፈስ ያድራል፣ ማንም አያየውም። ካልቆመች ሽንት ቤቱን ፈትሹ፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩና ለ20 ደቂቃ ማንም ውሃ አይልቀቅ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አርጅቷል።

«ትንሽ ፍሳሽ ይህን ያህል ያስከፍላል?» ለሚል፦ በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስ መስመር በቀን 720 ሊትር፣ በ30 ቀን 21.6 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ስለሚወደድ፣ የተጨመረው ውሃ የሚታሰበው ውድ በሆነው እርከን ነው።

ሦስተኛው የተጠራቀመ ንባብ ነው። በራችሁ ሲዘጋ አንባቢው ለወራት በግምት ይሞላና፣ አንድ ቀን ትክክለኛውን ሲያነብ የወራቱ ልዩነት በአንድ ወር ላይ ይወድቃል። ያለፉትን ወራት ቢሎች ይዛችሁ ሄዳችሁ «ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላልን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እርከኑ ስለሚወርድ ሒሳቡም ይወርዳል።

በፈረቃ ውሃ የምታገኙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ውሃ በጠፋበት ሰዓት ቧንቧ ከፍታችሁ አትተዉ። ውሃው ሲለቀቅ መስመሩ ውስጥ የታመቀው አየር ቀድሞ እየወጣ ቆጣሪውን ያዞረዋል፤ አየር ከፍላችሁ ማለት ነው።

ከአባይ ማዶ፦ የገዛሁት ቤት መብራት ቆጣሪ አሁንም በድሮው ባለቤት ስም ነው። ችግር አለው?

ዛሬ የለውም፣ ነገ አለው። ቆጣሪ ሲቃጠል ወይም ኃይል ይጨመርልኝ ስትል ባለስሙ ይፈለጋል። የይዞታ ማረጋገጫህን፣ የሽያጭ ውሉን፣ መታወቂያህንና ቀሪ ዕዳ እንደሌለ የሚያሳየውን ደረሰኝ ይዘህ ስሙን አዛውር። ለብልሽት 905 ደውል፤ የቆጣሪ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ አጠገብህ አድርግ፣ ጨለማ ውስጥ ግድግዳ ላይ ከመፈለግ ያድንሃል።

ከግሽ ዓባይ፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ጠቅላላ ውክልና» ልኮልኛል። ቤቱን ልሸጥለት ስል አይቻልም ተባልኩ። ጠቅላላ ከሆነ ሁሉን አይጨምርም?

አይጨምርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2203 ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይወስነዋል፤ የአስተዳደር ሥራ የሚባሉትን ደግሞ አንቀጽ 2204 ይዘረዝራል፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረት መጠበቅ። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ ከስሶ መከራከር በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወረቀቱ «ይሸጥልኝ፣ ይለውጥልኝ፣ የሽያጩን ገንዘብ ይቀበልልኝ፣ በውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርምልኝ፣ ስም ያዛውርልኝ» ብሎ እያንዳንዱን ተግባር መዘርዘር አለበት። «ይሸጥልኝ» ብሎ «ገንዘቡን ይቀበልልኝ» የሚለውን የረሳ ውክልና ባንክ ላይ ይቆማል።

ወንድምህ ባለበት አገር ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ይፈርም፤ እዚህ ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ይመዘገባል። ያገባ ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስቱም ውክልና ወይም ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን ሳያሟሉ ቀብድ መቀበል ለክስ መዘጋጀት ነው።

ከወረታ፦ የጤና መድን አባል ነኝ፣ ደብተሬ ታድሷል። ባለቤቴን በቀጥታ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዤ ብሄድ «ክፈል» አሉኝ።

ሪፈር ስላልያዝክ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ሆስፒታል ይልካል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ብቻ ነው በቀጥታ መሄድ የሚቻለው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ሕክምና አይሸፈኑም። ወረታ ያለችበት የፎገራ ወረዳ እኮ መድኑ በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከነበሩት 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ጤና ጣቢያዎቻችሁ አሠራሩን ከብዙዎች በፊት ያውቁታል። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቤተሰብ ደብተር ስለማይታቀፍ መዋጮው ለብቻ መሆኑንም አትርሳ።

ከዘንዘልማ፦ መምህር ነኝ፣ 31 ዓመት አገልግያለሁ፣ በሚመጣው ዓመት 60 ይሞላኛል። የጡረታ አበሌ ስንት ይሆናል?

ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብልዎታል። 21 ሲባዛ በ1.25 26.25 ነው፤ በድምሩ 56.25 በመቶ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ይህ መቶኛ የሚባዛው በመጨረሻው ወር ደመወዝዎ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። አማካዩ 9,600 ብር ቢሆን አበሉ 5,400 ይሆናል። ብዙ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል ያገኘውን ጭማሪ ይዞ አስልቶ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ከአሁኑ የግል ማኅደርዎን ይፈትሹ። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤ መኖሩን፣ ከወረዳ ወረዳ ሲዛወሩ ያልተያያዘ ጊዜ አለመኖሩን፣ የ7 በመቶው መዋጮ በሁሉም ወራት መቆረጡን ይዩ። ዕድሜ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ነው፤ በኋላ የወጣ የልደት ካርድ አያስለውጠውም። ጋብቻዎ ካልተመዘገበም ያስመዝግቡ፤ ባለቤትዎ ቢተርፉ የአበሉን 50 በመቶ የሚያገኙት ጋብቻው ሲረጋገጥ ነው።

ከቀበሌ 14፦ የንግድ ፈቃድ እድሳት መቼ ነው ያለቅጣት?

ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30። የግብር ክሊራንስ ስለሚቀድም መጀመሪያ ገቢዎች ሂድ። የታኅሣሥን የመጨረሻ ሳምንት አትጠብቅ።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ ሰነዴ ሁሉ ተሟልቷል። ግን «ኃላፊው ስብሰባ ነው» እየተባልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምን ላድርግ?

በቃል መመላለስ አቁም። በቃል የጠየቅኸው ነገር መዝገብ ላይ የለም፤ ስለዚህ የዘገየ ጉዳይም የለም። ማመልከቻህን ጽፈህ ለመዝገብ ቤት አስገባ። ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገህ አንተው ጋ አስቀር። መልስ ካላገኘህ የቢሮው ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ የበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ የእንባ ጠባቂ ተቋም። ተቋሙ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚፈልግብህ ግን የታችኛውን በር አንኳኩተህ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂህ እዚያ ይሠራል። የምትፈልገው መረጃ ወይም የሰነድ ግልባጭ ብቻ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

ከዚያው ሰው፦ ማመልከቻውን ራፖር ጸሐፊ ላጽፍ?

ግማሽ ገጽ ነው፣ ራስህ ጻፈው። ከላይ ቀን፣ የቢሮው ሙሉ ስም፣ «ጉዳዩ» ብለህ አንድ መስመር። ቀጥሎ መቼ ምን እንዳስገባህ፣ መቼ መቼ እንደተመለስክ፣ ምን እንዲደረግልህ እንደምትፈልግ። በመጨረሻ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ የአባሪዎቹ ብዛት በገጽ። ስድብና ምሬት አታስገባ፤ ባለሙያው ለውሳኔ ሲያቀርበው የሚያሳጥረው ያንን ነው፣ አብሮ ፍሬ ነገሩንም ሊቆርጠው ይችላል። ዋናዎቹን ሰነዶች አታያይዝ፣ ኮፒ ብቻ።