ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ውሻችንን ጅብ ነከሰው፣ እኔስ መከተብ አለብኝ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ። የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ እንጦጦ ጫካው ስር ነው። ማታ ማታ ጅብ በራችን ድረስ ይመጣል፣ ለምደነዋል። ትናንት ሌሊት ውሻችን ቦቢ አጥር ዘሎ ወጥቶ ከጅብ ጋር ተያያዘ፣ ዘበኛው በባትሪ አይቶታል፣ ንጋት ላይ አንገቱ ተቦጭቆ እየደማ መጣ። ደንግጬ በባዶ እጄ አጠብኩት፣ ጣቴ ላይ ደግሞ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጥኩት አለ። የ4 ዓመት ልጄም ሳላየው ሄዶ አቅፎት፣ ውሻው ፊቱን ላሰው። ቦቢ የተከተበው አንዴ ነው፣ አምና ቡችላ እያለ። ጎረቤቶቼ 10 ቀን ጠብቂው፣ ካልሞተ ምንም የለም ይላሉ፣ አማቴ ጠበል ውሰጂው ብለዋል። እኔ ደግሞ የ5 ወር እርጉዝ ነኝ። ክትባቱ ፅንሱን አይጎዳውም? ቦቢንስ እናስወግደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን እያነበብሽ ገና ምንም ካላደረግሽ ስልኩን አስቀምጪና ጣትሽን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። 15 ደቂቃ ስልሽ ሰዓት እያየሽ ነው፣ ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ 15 ያጠበ ይመስለዋል። ቧንቧው ከሄደ በጆግ እያስቀዳሽም ቢሆን። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ላዩን የሚሸፍነው ስብ ነገር ነው፣ ተራ የልብስ ሳሙና ያን ስብ ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ማጠቡ ራሱ ህክምና ነው እንጂ ከህክምና በፊት የሚደረግ ወግ አይደለም። ሎሚ፣ ቡና፣ በርበሬ ምናምን አታድርጊበት። ከዛ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ልጁንም ይዘሽ።

አሁን ወደ 10 ቀኗ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይቺ ነገር እውነትም ናት ውሸትም ናት፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 10 ቀን መጠበቅ የሚባለው ውሻ ሰውን ሲነክስ ነው። ቫይረሱ የውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ጭንቅላቱ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የነከሰሽ ውሻ 10 ቀን ሙሉ ደህና ሆኖ ከቆየ በነከሰሽ ሰዓት ምራቁ ንጹህ ነበር ማለት ነው። (ያኔም ቢሆን እጅ አጣጥፎ መጠበቅ የለም፣ ክትባቱ ይጀመራል፣ ውሻው ደህና ከሆነ ይቋረጣል።) አንቺ ጋ ግን ቦቢ ማንን ነከሰ? ማንንም። ተነካሹ እሱ ነው። የሚጠረጠረው ጅቡ ነው፣ ጅቡ ደግሞ ጫካው ገብቷል፣ አስረሽ 10 ቀን የምታዪው ጅብ የለሽም። እና ቦቢ በ11ኛው ቀን ጭራውን እየቆላ ቢመጣ ስለ ጅቡ ምንም አይነግርሽም፣ ስለ ራሱም ገና አይነግርሽም፣ ቢያዝ እንኳ ምልክቱ የሚወጣው ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የሚያሰጋሽ የቦቢ ጥርስ ሳይሆን ቦቢ ጸጉር ላይ ያለው የጅቡ ምራቅ ነው። እርጥብ ምራቅ በተቆረጠ ቆዳ ወይ በዓይን ወይ በአፍ ከገባ እንደ ንክሻ ነው የሚቆጠረው። ደርቆ ፀሐይ ከመታው ብዙ አይቆይም፣ አንቺ ግን ያጠብሽው ገና እየደማ ነው። በዚህ መንገድ ሰው ሲያዝ ብርቅ ነው፣ አላስፈራራሽም፣ ግን በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ እኔ ብሆን እከተባለሁ።

የልጁ ነገር ትንሽ ይለያል። የቦቢ የራሱ ምራቅ ዛሬ ቫይረስ ሊኖረው አይችልም፣ ትናንት ሌሊት ከሆነ የተነከሰው። የአንገቱን ቁስል ደግሞ ራሱ ሊልሰው አይችልም፣ ምላሱ አይደርስም። ስለዚህ ፊቱን ላሰው ያልሽው ብዙም አላስጨነቀኝም፣ ያስጨነቀኝ አቅፎት የሚለው ነው። አንገቱን አቅፎ ከሆነ እጁ ቁስሉ ላይ ነበር፣ የ4 ዓመት ልጅ እጅ ደግሞ ወዲያው አፍ ውስጥ ነው። ጉንጩንና ጣቶቹን ብርሃን ላይ እይው፣ ጭረት፣ የተላጠ ነገር፣ የጥፍር ዳር የተነጨ ካለ ለሐኪሙ ንገሪ። ቆዳው ሙሉ ደህና ከሆነና አፉ ወይ ዓይኑ ካልነካው መታጠቡ ብቻ ሊበቃው ይችላል፣ ግን እሱን ያየው ሐኪም ይወስን።

ገና ኢንተርን እያለሁ ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት አንድ ጎረምሳ በእግሩ እየሄደ መጣ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ ይላል። ውሃ በኩባያ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋው፣ ከንፈሩን ሳይነካ የአንገቱ ጡንቻ ተኮማተረ፣ ውሃው ደረቱ ላይ ተደፋ። ጠምቶታል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይደፋል። እናቱ በነጠላዋ ስታራግብለት ነፋሱ እንኳ ያስደነግጠው ነበር። ሦስት ወር ሊሆነው ነው አለችኝ፣ ቡችላ ናት የነካችው፣ ጭረት ነበር፣ መድኃኒት አዋቂ ሥር በወተት አጠጣው፣ ድኖ ነበር። ቁስሉማ እውነትም ድኖ ነበር።

ይሄን የምነግርሽ አማትሽ ያሉትን ለመንቀፍ አይደለም። ጠበሉን ሂጂ፣ ተጠመቂ፣ ማንም አይከለክልሽም፣ ግን መጀመሪያ መርፌውን ወስደሽ። ሰው የሚሞትብን ጠበል ስለሄደ ሳይሆን እዛ ሰንብቶ ክትባቱ ስለሚያልፈው ነው።

እርግዝናው ክትባቱን አይከለክልም። ቫይረሱ የሞተ ነው፣ እርጉዝም አጥቢም ይወስዳል፣ ፋርማሲ ውስጥ አይሆንም የሚልሽ ካለ አትስሚው። ድሮ አዲስ አበባ ፓስተር ሰፈር ሄደን ሆዳችን ላይ በየቀኑ የምንወጋው፣ ከበግ አንጎል የሚሠራው መርፌ ነው ሰውን እስካሁን የሚያስፈራው። የአሁኑ ክንድ ላይ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ፣ ቂጥ ላይ ግን አይሰጥም፣ ሊወጉሽ ከተዘጋጁ በይሉኝታ ዝም አትበይ። አንዱ የተለመደ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ቀን ዜሮ ብሎ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነው፣ ቁጥራቸው ባነሰ መርፌዎች የሚጨርስ ፕሮግራምም አለ፣ የተሰጠሽን ካርድ ተከተዪ፣ ደህና ነኝ ብለሽ መሃል ላይ እንዳታቆሚ። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መርፌም አለ፣ ካለ ይሰጡሻል፣ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፣ የለም ቢሉሽ እሱን ፍለጋ ክትባቱን አታዘግዪ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽንም ጠይቂ፣ በእርግዝና ክትትልሽ ወስደሽ ሊሆን ይችላል።

ቦቢን አታስወግዱት! አንዴ የተከተበ ውሻ ነው፣ ጊዜው ቢያልፍም መነሻ አለው። በእነዚህ አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስዳችሁ ማጠናከሪያ ይወጋ፣ ቁስሉም ይታይ፣ የሚይዘው ሰው ጓንት ያድርግ። ከዛ በተለምዶ 45 ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይታያል፣ ልጁ አይጠጋውም፣ ምግቡን አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ይስጠው። ሰው አረፋ ይደፍቃል ብሎ ይጠብቃል፣ አረፋው ላይመጣም ይችላል። ተጫዋቹ ውሻ አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም ካለ፣ ጩኸቱ ከጎረነነ፣ እንጨትና ድንጋይ መብላት ከጀመረ፣ የኋላ እግሩ ከዛለ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ ወዲያው ለሐኪሙ ደውሉ። በተለይ መንጋጋው ሲንጠለጠል አጥንት አንቆት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ፣ እንዳታደርጉት።

ከዛ በኋላ ክትባቱ በየዓመቱ ነው። ቀኑ እንዳይጠፋብሽ ከመስቀል ማግስት ጋር እሰሪው፣ መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፣ ክትባቱን የሠራው ፓስተር የሞተበት ቀን፣ ያ ሰፈር በስሙ የምንጠራው ሰውዬ።

ጅቡን ደግሞ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። አጥንትና የበግ አንጀት በፌስታል አድርጎ ማታ በር ላይ አስቀምጦ ጅብ መጣብኝ ማለት አያስኬድም። ቆሻሻው ጠዋት ይውጣ፣ ቦቢም ከመሸ አጥር ውስጥ ይሁን፣ የሚዘልበትን ቦታ ቆርቆሮ ጨምሩበት። ለበዓል ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይ ጉበት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩት፣ ቅበሩት፣ ከዛ የሚመጣው የትል በሽታ ወደ ሰው ይመለሳል፣ እሱን ሌላ ቀን በደንብ እጽፋለሁ።

ካርድሽን ይዘሽ የ3ኛውን ቀን መርፌ ከወሰድሽ በኋላ ልጁን ምን እንዳሉት ጻፊልኝ።