ፎቶውና ደብተሩ አይለያዩ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው ሐምሌና ነሐሴን ከለንደን በባቡር ወደ ፓሪስ፣ ሚላኖና ሮም ወርዳችሁ፣ ከባሪ በመርከብ ወደ ግሪክ ለምትሻገሩት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶውንና የውሎ ማስታወሻውን በዚያው ዕለት አገናኙ። ሺህ ፎቶ ይዞ ተመልሶ የትኛው አደባባይ የየትኛው ከተማ እንደሆነ የሚጠፋው ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሰዓት። ስልክ ድንበር ሲሻገር ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተሞላ ይቀራል። በበጋ ፓሪስና ሮም ለንደንን በ1 ሰዓት፣ አቴንስ ደግሞ በ2 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ የስልኩንና የካሜራውን ፎቶ ስታቀላቅሉ የከሰዓቱ ከምሳው ቀድሞ ቁጭ ይላል። መላው ቀላል ነው፦ የካሜራውን ሰዓት ጉዞ ላይ አትንኩት፤ አዲስ አገር በገባችሁ ቁጥር የስልካችሁን ሰዓት ከነሴኮንዱ በካሜራው አንሱት። ቤት ስትገቡ ልዩነቱን አይታችሁ እንደ ላይትሩም ባለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የዚያን አገር ፎቶዎች ባንዴ ታስተካክላላችሁ። ደብተሩም ላይ የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር አትደባልቁ። ትኬቱ 21:00 ያለውን «3 ሰዓት» ብላችሁ ካለፋችሁት፣ ከርሞ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። የወሩንም ስም በፊደል ጻፉት፤ 07/08 ለእንግሊዙ ነሐሴ መጀመሪያ፣ ለአሜሪካኑ ሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ብርሃኑ ከአገር ቤቱ ይለያል። በሐምሌ መጀመሪያ ፓሪስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለእራት ብሎ ካሜራውን የሚከት ሰው ያማረው ብርሃን ያመልጠዋል። የቀትሩ ግን ጨካኝ ነው። አቴንስ፣ ጥንታዊው የአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ጓደኛችሁን እብነ በረዱ ፊት ስታቆሙት፣ ካሜራው በነጩ ድንጋይና በሰማዩ ተታሎ ምስሉን ያጨልማል፤ ጠይም ፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የምስሉን የብርሃን መጠን፣ ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ አድርጉት። በስልክ ከሆነ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ ግፉት። ድንጋዩ ቢነጣ ይንጣ፤ የመጣችሁት ለድንጋዩ ብቻ አይደለም። ጥላ ካለ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጥላው ይሻላል።

ሙዚየም ስትገቡ ጽሑፉን አስቀድማችሁ፣ ዕቃውን አስከትላችሁ አንሱ። ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን፣ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን የወርቅ ዘውድ ያለ መግለጫው ብታነሱት የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነው። ፍላሽ አጥፉ። ቫቲካን ሲስቲን ቤተ ጸሎት ውስጥ ጭራሽ ፎቶ ክልክል ነው፤ እዚያ ደብተሩ ይሥራ።

ደብተሩ ኪስ የሚገባ ይሁን። ቀን ቀን ቁርጥራጭ ቃል በቂ ነው፤ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሩት። «ደስ የሚል ቀን ነበር» አትበሉ፤ ለማንም አይጠቅምም። ፎቶው የማይዘውን ጻፉ፦ ዋጋውን፣ ሽታውን፣ ሰው ያለውን በራሱ አነጋገር፣ የፎቶ ማንሻውን ከመጫናችሁ በፊት የሆነውን። የፎቶውንም ቁጥር ከጎኑ። ለምሳሌ፦ «4312፤ ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ሽሮ 12 ዩሮ። አስተናጋጇ እንጀራ ጨመረችልን፣ ሂሳብ ላይ አላስገባችውም።» ብዙ ካሜራ 9999 ሲደርስ ከ0001 ስለሚጀምር ቁጥሩን ከነቀኑ አድርጉት። የባቡርና የካፌ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ከሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ደብተር ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት በዚያው ማታ ፎቶ አንሱት።

የቀረው ማስቀመጫ ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፎቶ) ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል፤ በቀን 200 ብታነሱ 5 ወይም 6 ጊጋባይት ነው። ከአንድ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ሦስት ባለ 64 ጊጋባይት ይሻላል፤ አንዱ ቢጠፋ ጉዞው ሁሉ አይጠፋም። በየማታው ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ዲስኮቹንም ካሜራው ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጧቸው፣ ሌባ ለይቶ አይወስድም። የማደሪያው ዋይፋይ ሁሉን ስለማይችል የቀኑን ምርጥ አሥር ወደ ክላውድ ላኩ፣ የደብተሩን ገጽ ፎቶም ጨምሩበት። ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት፣ ማለትም ባዶ የምታደርጉት፣ ሁለት ቅጂ መኖሩን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው፤ ያም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው።