ደሞዝ ሳይሆን ድርሻ

እህታችን፣ «በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ቴአትር የሚያሳዩት ሰዎች ደሞዝ ነበራቸው? በምንስ ይኖሩ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ደሞዝ የለም፤ ድርሻ ነው። እኔም በወጣትነቴ ከአንድ ቡድን ጋር ክፍለ ሀገር ዞሬያለሁ። የአዳራሽ፣ የመኪናና የአልጋ ወጪ ይነሳና የተረፈውን እንካፈላለን። አንዳንድ ምሽት የሚደርሰን ለማኪያቶ እንኳ አይበቃም ነበር። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ መጥቶ አሜሪካን የዞረው የሉዊስ ሃላም የቴአትር ቡድን ታሪክ ባዳ ያልሆነብኝ።

የሃላም ወንድም ዊሊያም ለንደን ላይ በቴአትር ሥራ ከሰረ። ከዚያ ሉዊስ ቡድኑን ይዞ በፈረንጆቹ 1752 በመርከብ ቨርጂኒያ ገባ። ልምምዳቸውን መርከቡ ላይ ነው የሠሩት። ገቢው በ18 ድርሻ ይከፈል ነበር። 12ቱ አዋቂ ተዋንያን አንድ አንድ፣ ሃላም ለመሪነቱ ሌላ አንድ፣ ሦስቱ ልጆቹ በጋራ አንድ። የቀረው 4 ለአልባሳቱና ለመድረክ ዕቃው ነው። ሚስቱም ከ12ቱ አንዷ ስለነበረች 4 ድርሻ እነሱ ቤት ገባ ማለት ነው። እኛ ጋ ቢሆን ሐሜቱ አያባራም!

ሴፕቴምበር 15 ዊሊያምስበርግ ላይ በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ጀመሩ። የሃላም የ12 ዓመት ልጅ የተሰጠችው አንዲት መስመር ነበረች። ሕዝቡን ሲያይ ጠፋችበት፤ እያለቀሰ ከመድረክ ሮጠ ይባላል። (እኔ አላለቀስኩም እንጂ ሮጫለሁ።) ይኼው ልጅ አድጎ የቡድኑ ዋና ተዋናይ ሆኗል።

አሁን ቨርጂኒያ ስለምኖር ዊሊያምስበርግን በእግሬ ዞሬያታለሁ። ትንሽ ናት። ያኔ ደህና ተመልካች የሚገኘው ፍርድ ቤት ሲሰየም፣ ባለርስቱ ለጉዳዩ ከተማ ሲገባ ነው። ያየ ሰው አይቶ ሲያበቃ ደግሞ ዕቃ ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው።

ሌላው ፈተና ፈቃድ ነበር። በ1754 ፊላደልፊያ የፈቀደችላቸው 24 ምሽት ብቻ ነው፤ ያውም የአንዱ ምሽት ገቢ ለድሆች እንዲሆን። ማሳቹሴትስማ በ1750 ቴአትርን በሕግ ከልክላለች። ሃላም ጃማይካ ሞተ፤ የሟቹን ሚስት ያገባው ዴቪድ ዳግላስ ቡድኑን መራ። ይሄ ሰውዬ ብልጥ ነው። በ1761 ኒውፖርት ላይ «ኦቴሎ»ን «በአምስት ክፍል የቀረበ የግብረገብ ውይይት» ብሎ ነው ያስተዋወቀው። ተውኔት የሚለውን ቃል አላነሳትም!

ብልጠቱ ግን ሁሌ አልሠራም። በ1766 ኒውዮርክ ያለውን ቴአትር ቤቱን አመፀኛ ሕዝብ አፈረሰበት። በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ፣ በዓመቱ ደግሞ ኒውዮርክ ሌላ ሠራ። በ1774 ግን የቅኝ ግዛቶቹ ኮንግረስ እንደ ፈረስ እሽቅድምድምና ቁማር ሁሉ ቴአትርም እንዲቀር ሕዝቡን አሳሰበ። ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጃማይካ ተሻገረ።