ኪስ ሲሳሳ ዘፈን ማን ይገዛል?

ለምትዘፍኑ፣ ለምታቀናብሩ፣ ዘፈን ሸጣችሁ ለማደር ላሰባችሁ ልጆች፤

መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ከ20 ዓመት በላይ ካሴት ሸጫለሁ። በጅምላም በችርቻሮም። ሱቄ ጠባብ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያዳምጠው። ዛሬ የለችም። ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ነጠላ ዜማ አውጥቶ "ጋሼ፣ ሰው እኮ ዘፈን መግዛት ተወ" እያለ ሲያማርር አመሸ። ያን ዕለት የመለስኩለት አልጥም ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰው ኑሮ ሲከብደው ዘፈን መስማት አይተውም። የሚለወጠው አከፋፈሉ ነው።

እኔ የኑሮ ውድነት መምጣቱን በሬዲዮ ከመስማቴ በፊት በካሴት ቀዳዳ አውቅ ነበር። ካሴት ያላያችሁ ስላላችሁ ላስረዳ። የታተመ ካሴት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ በወረቀት ከተጠቀጠቁ ወይም በፕላስተር ከተሸፈኑ ግን ይቀዳበታል። ደህና ጊዜ ሲሆን ደንበኛ ኦሪጅናሉን ይገዛል፤ አለዚያም አዲስ ባዶ ካሴት ገዝቶ ያስቀዳል። ኪሱ ሲሳሳ ቤቱ ያለውን አሮጌ ካሴት ቀዳዳውን ደፍኖ ይዞ ከተፍ ይላል። "ይሄ ጠግቤዋለሁ፣ ላዩ ላይ አዲሱን ቅዳልኝ።" የተደፈኑ ካሴቶች ሲበዙብኝ ለሚስቴ "ዘንድሮ ለበዓል በግ ይቅርብን" እላት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት መዝሙር ልታስቀዳ መጣች። የያዘችውን ካሴት እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቴፕ ውስጥ ከትቼ ሰማሁት። "እማዬ፣ እንደምን ነሽልኝ" የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ወጣ። ከጅዳ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ነው። ያኔ ዐረብ አገር ያሉ ልጆች እንዲህ ነበር የሚልኩት። ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። ባዶ ካሴት በዱቤ ሰጠኋት። በሦስት ጊዜ ከፍላ ጨረሰች፣ አንድ ሳንቲም ሳታጎድል።

ሌላው መለኪያዬ ቡና ነበር። ከዲላ፣ ከጅማ፣ ከይርጋ ጨፌ የሚመጡ ቸርቻሪዎች ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥና ሰርጉ ሲደራረብ ካርቶን ካርቶን ይጭኑ ነበር። በ1993 እና በ1994 የዓለም የቡና ዋጋ ለሠላሳ ዓመት ያህል ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ አሽቆለቆለ። አንድ የዲላ ደንበኛዬ ከሁለት ካርቶን ወደ 20 ካሴት ወረደ። የቡና ዋጋ ለንደንና ኒው ዮርክ ይተመናል፤ ጦሱ እኔ ባንኮኒ ላይ ያርፋል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሃያዎቹን እንዴት እንደመረጠ ነው። ሁሉም ስማቸው የገነነ ዘፋኞች። አዲስ ዘፋኝ አንድም አልወሰደም። "በዚህ ጊዜ ብሬን በማላውቀው ሰው ላይ አልጥልም" አለኝ።

ይህን ነው ለወንድሜ ልጅ ልነግረው የነበረው። ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲሱ ዘፋኝ ነው። የድምፁ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሰው ብር ሲያጥረው የሚያውቀውን ይገዛል፤ የማያውቀውን በነፃ ይሞክራል። ስለዚህ አዲስ ከሆናችሁ ሰው በነፃ የሚሞክራችሁን መንገድ አትዝጉበት።

ይህን ብዬ እኔው ራሴ ተበላሁ። በ2000 ዓ.ም. የአንድ ወጣት ሥራ ሰምቼ ልቤ ወደቀበትና 400 ካሴት አንድ ላይ አነሳሁ። በዱቤም አይደለም፣ በጥሬ ብር። በዚያው ሰሞን እህል ጣሪያ ነካ። ቀበሌዎች በድጎማ ስንዴ መሸጥ ጀምረው ነበር። የስንዴው ሰልፍ በሱቄ በር ያልፋል። የልጁን ዘፈን ከፍ አድርጌ ከፍቼ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ግጥሙን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ሰማው። አንድም ሰው አልገዛም። እኔ ዝንብ እሽ እያልኩ ዋልኩ። ታዲያ ምን ልፈርድባቸው? በእጃቸው የያዙት የስንዴ ብር ነው።

ግን እዚያው ጊዜ ውስጥ መግዣ ያላጡ ነበሩ። በየማታው እየመጣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የአንዱን ካሴት አንደኛውን ገጽ ሰምቶ የሚሄድ የታክሲ ረዳት ነበር። አንዳንዴ ሁለት ብር፣ አንዳንዴ ሦስት ብር ጥሎ ይሄዳል። ስሙን ከካሴቱ ልባስ ጀርባ ጽፌ እደምርለታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ካሴቱን ወሰደ። አምስት ሆነው አንድ ካሴት በዕቁብ መልክ የሚገዙ የኮሌጅ ተማሪዎችም ነበሩ። ካሴቱ በየሳምንቱ ዶርም ይቀይራል። ወር በገባ በ20 ደግሞ ካሴት ለመሸጥ መሞከር ከንቱ ነው። ደመወዝ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥና በበዓል ዋዜማ ግን ያው ሰው ሳይከራከር ይገዛል። ችግር ሲመጣ ገበያው አይሞትም፤ ወደ ጥቂት ቀናት ይሰበሰባል። እናንተም ዘፈን ስትለቁ የቀን መቁጠሪያውን እዩ።

ስለ ቅጂ ደግሞ እውነቱን ልናገር። እኔም አስቀድቻለሁ። የቅጂ መብት ዐዋጁ በ1996 ሲወጣ ከሌላው እኩል አጨብጭቤ፣ ማታ በሩን ዘግቼ ቀድቻለሁ። ኋላ ዘፈን ወደ ሚሞሪ መጫን ሲመጣ ደግሞ ጎረቤቴ በአንድ ካሴት ዋጋ መቶ ዘፈን ጭኖ ይሰድ ጀመር፤ እኔ "ሌባ" አልኩት። ለራሴ ሲሆን ግን "ኑሮ ነው" ነበር የምለው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ብር አጥቶ ከጓደኛው ስልክ ከሚቀዳው አድማጭ ጋር አትጣሉ። በናንተ ላብ እንደኔ ከሚነግደው ጋር ተጣሉ፣ እሱ ላይ ሕጉም አለላችሁ።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ የዘፈን ሸክላ ተሸጦ ነበር። ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሰዉ ሬዲዮኑን ከፍቶ በነፃ ይሰማ ነበር። ከዚያ በ1934 ዴካ የሚባል ኩባንያ ሌሎች 75 ሳንቲም የሚሸጡትን ዓይነት ሸክላ በ35 ሳንቲም ይዞ ብቅ አለ። በየመጠጥ ቤቱ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሲጎርስ አንድ ዘፈን የሚያጫውተው ጁክቦክስ ተስፋፋ። ሸክላ መግዣ የሌለው ሰው አምስት ሳንቲም አላጣም። የኔ የታክሲ ረዳት ማለት ነው።

የናንተ ጊዜ ሌላ መልክ አለው። አድማጩ የሚከፍለው ለዘፈኑ ሳይሆን ለዳታ ጥቅሉ ነው። እሱም ቢሆን ወር ሲጋመስ ያልቅበታል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እዚህ ያለው አድማጭ እጅ አጠረው። ዩቲዩብ ላይ የሚሠራ ዘፋኝ ግን ገቢው በዶላር ስለሆነ ወደ ብር ሲመነዘር በረከተለት። ዋሽንግተን ያለ አድማጭ የሚያስገኘው አዲስ አበባ ካለው በጣም ይበልጣል። ታዲያ ብዙ ልጆች ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። አልፈርድም። የወንድሜን ልጅ ግን እንዲህ ብዬዋለሁ፦ ዶላሩን ከዚያ ልቀም፣ ዘፈኑ መጀመሪያ የሚፈተነው ግን ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ነገርኩት። የቤት ካርታ አስይዘህ ክሊፕ እንዳታሠራ። እኔ 400 ካሴት ነው የገዛሁት፣ ቤቴ ተርፎልኛል።

ከነዚያ 400 ውስጥ 60 ያህሉ አሁንም አልጋ ሥር አሉ። ልጄ ቤት ባጸዳች ቁጥር "ይጣሉ" ትላለች። ባለፈው ወር አንዱን አወጣሁ። ክሩ ላልቶ ስለነበር በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። አሮጌው ቴፕ እየተንተባተበም ቢሆን ሦስተኛው ዘፈን ድረስ ሄደ። ልጄ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። "ይሄ ማነው? ዩቲዩብ ላይ አለ?" አለችኝ። ፈለገች፣ የለም። እስኪ ድገመው አለችኝና ስልኳን አውጥታ ከቴፑ ላይ ቀዳችው።